ከሳጥኑ እስከ ወረቀቱ፦ ዲጂታል የጊታር ድምፅ በእውነተኛ ስፒከር ሲፈተን

ሐሙስ ማታ፣ ካርቲየ 7 ቢስ። የጂቡቲ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ለሙዚቀኛ የሥራ መግቢያ ናት፤ በማግስቱ ሰርግ ነበረብን። የልምምድ ክፍላችን ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። አንዲት ቬንትሌተር አለች፤ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የምትፈይደው የለም። ጊታሪስታችን ከአዲስ አበባ በትከሻ ቦርሳ ያመጣት ሳጥን የጫማ ካርቶን አታክልም። «ውስጧ ሰማንያ አምፕ አለ» ይላል ሲኮራባት። ሳጥኗን መዳፍ ከምታክል ፓወር አምፕ ጋር፣ ፓወር አምፗን ደግሞ ከአንድ አሮጌ ባለ 12 ኢንች የጊታር ካቢኔት ጋር አገናኘና ክሩን መታ። የወጣው ድምፅ ጋቢ ተከናንቦ ከጓዳ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

ኪቦርዲስቱ ቀና እንኳ ሳይል «ወንድሜ፣ ጊታርህን ጉንፋን ይዞታል» አለው።

«በማዳመጫ እንዲህ አልነበረም፣ እግዜርን!» ብሎ ማለ።

አልዋሸም። በማዳመጫ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ያለ ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚያ መሐላ ነው። ጊታሪስቶች ለሠላሳ ዓመት ያህል «ዲጂታሉ ከቫልቭ አምፑ ይስተካከላል ወይ?» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። በእኔ ግምት ጥያቄው አርጅቷል። ዛሬ ድምፁ የሚበላሸው ሳጥኑ ውስጥ አይደለም፤ ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች ላይ ነው። ሻጮች ስለ ሳጥኑ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ስለ ሁለቱ ሜትሮች የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

የሳጥኑን፣ ሞዴለር የሚሉትን፣ ታሪክ ቶሎ ልለፈው። ሮላንድ ቪጂ-8ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ላይን 6 በ1996 አክሲስ 212 የተባለውን አምፕ፣ በ1998 ደግሞ ባቄላ የመሰለችውን ቀይ ፖድ አመጣ። ፖድ ብዙ ስቱዲዮ ገብታለች፤ መድረክ ላይ ግን ብዙ ጊታሪስት አሳፍራለች። ከዚያ ፍራክታል አክስ-ኤፍኤክስን፣ በ2011 አካባቢ ኬምፐር ፕሮፋይለሩን፣ በ2015 ላይን 6 ሂሊክስን አወጡ። ኬምፐር አዲስ መንገድ ከፈተ፤ አምፕን ከንድፉ ተነስቶ በስሌት ከመገንባት ይልቅ በእውነተኛው አምፕ ውስጥ የሙከራ ድምፅ ልኮ ጠባዩን ይቀዳል። አሁን ደግሞ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። አንድ ሰው ከሚወደው አምፕ የጥቂት ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ ኮምፒውተሩን «አጥና» ይለዋል፤ ኮምፒውተሩም ያጠናል። ውጤቱን ዓይን ጨፍኖ ከዋናው የሚለይ ጆሮ ካለ ልምድ ያለው ነው፤ እሱም ይሳሳታል። ስለዚህ ያ ክርክር በእኔ በኩል ተዘግቷል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

የጊታር ስፒከር ከወረቀት የተሠራ ትልቅ ጽዋ ነው። የሙዚቃ ስፒከር አይደለም፤ እንዲያውም ለሙዚቃ ብንለካው ከመጥፎዎቹ ይመደባል። ሴሌስሽን የሚሠራቸውን የቪንቴጅ 30ንም ሆነ የግሪንባክን ስፒከር የፋብሪካ መግለጫ ብታዩ የሚሠሩበት ክልል ከ70 ወይም ከ75 እስከ 5000 ኸርዝ ነው ይላል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ይሰማል። ታዲያ የጊታር ስፒከርን ያቆየው ይኸው ጉድለት ነው። ቫልቭ ሲጨነቅ፣ ዲስቶርሽን ሲገባ፣ ከክሩ ድምፅ በላይ ብዙ ሹል ድምፅ ይፈጠራል፤ የንብ ቀፎ ድምፅ የሚመስለው እሱ ነው። ወረቀቱ ያን ሹል ሁሉ ይውጥና የሚጥመውን ያስቀራል። እንደ ጠላ ማጥለያ ማለት ነው፤ ወንፊቱን አንሱና አተላው አፍ ውስጥ ይገባል። ከአምፕ የምንወደው «ሙቀት» ግማሹ ያለው ቫልቩ ላይ ሳይሆን እዚህ ወረቀት ላይ ነው ብል ቫልቭ አምላኪዎች ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

ሞዴለሩን የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ወረቀቱንም አስመስለው ሳጥኑ ውስጥ ከተውታል። ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ በባለሙያው አጠራር አይ አር፣ ይባላል። አንድ ካቢኔት ፊት ማይክ ተደቅኖ፣ ስፒከሩ ለአንዲት ቅጽበታዊ ምት እንዴት እንደመለሰ የተቀዳበት አጭር ድምፅ ነው። ምን ያህል አጭር? በሴኮንድ 48,000 ናሙና በሚሠራ ሳጥን 2048 ናሙና ያለው አይ አር 43 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ብቻ ይረዝማል። በዚያች ዓይን በማትጨፈንባት ጊዜ ውስጥ ወረቀቱም፣ እንጨቱም፣ ማይኩም አሉ። በማዳመጫ ወይም በሚክሰር በኩል ለሚጫወት ሰው ተአምር ነው።

ጊታሪስታችን ግን ይህን አስመሳይ ካቢኔት ሳያጠፋ እውነተኛ ካቢኔት ላይ ሰካው። አንድ ወንፊት ያጣራውን ሁለተኛ ወንፊት እንደገና አጣራው። ከላይ ምንም አልተረፈ፤ ጉንፋኑ ይኸው ነው። መድኃኒቱ አንድ ማጥፊያ ነው። ብዙዎቹ ሞዴለሮች አስመሳዩን ካቢኔት ለአንዱ መውጫ ብቻ የማጥፋት ምርጫ አላቸው፤ ወደ ካቢኔቱ የሚሄደው ያለ አይ አር፣ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ከነአይ አሩ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አይነካም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ እንዲያውም በእኛ ሰፈር የሚበዛው እሱ ነው። በሀገራችን መድረክ የጊታር ካቢኔት ብርቅ ነው። የሚገኘው «ሞንታርቦ» ነው፤ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ለድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሞንታርቦ ላይኛውን ድምፅ የሚያወጣ ቀንድ አለው፤ የሰጡትን ሁሉ ይናገራል። አይ አሩ የጠፋበትን ጊታር ሞንታርቦ ላይ ከሰካችሁ ያ የንብ ቀፎ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ከፊት የተቀመጡት የሙሽራዋ አክስቶች ጆሯቸውን ሲይዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፓወር አምፑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚዘለው ይህን ነው።

ስፒከር ላይ «8 ኦም» ተብሎ ይጻፋል፤ ስም እንጂ እውነት አይደለም። ወረቀቱ በራሱ በሚወዛወዝበት በታችኛው ድምፅ፣ ከ75 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ተቃውሞው ከስም ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይወጣል፤ ወደ ላይኛው ድምፅ ሲሄድም ቀስ እያለ ይጨምራል። የቫልቭ ፓወር አምፕ ይህን ይሰማል፤ ስፒከሩ በተቃወመበት ቦታ ቮልቴጁ አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቤዙ ያብጣል፣ ትሬብሉ ያበራል። መዳፍ የምታክለው የዘመኑ ፓወር አምፕ፣ ክላስ ዲ የሚባለው፣ ስፒከሩ ምንም ቢል ግድ የለውም፤ የተሰጠውን ቮልቴጅ ይዞ ይቆማል። ያንኑ ካቢኔት በእሱ ስትነዱት ድምፁ ደረት ያጣል። ሰው «ዲጂታል ነውና ሕይወት የለውም» የሚለው ይህን ሰምቶ ነው፤ ጥፋቱ ግን የዲጂታሉ አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ፓወር አምፑ የዘመኑ ክላስ ዲ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የአስመሳይ ፓወር አምፕ ስሌት ይብራ፤ ያን እብጠትና ብርሃን እሱ ይጨምረዋል፤ የሚጠፋው ካቢኔቱ ብቻ ነው። የምትሰኩት እውነተኛ ቫልቭ አምፕ ላይ ከሆነ ሁለቱንም አጥፉ። አምፑ ላይ ስትሰኩም ከፊት ባለው የጊታር ቀዳዳ አይሁን። ከኋላ ለኢፌክት የተሠራው «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ፕሪአምፑን ዘሎ በቀጥታ ወደ ፓወር አምፑ ይገባል። ከፊት ከገባ ያው የሁለት ወንፊት ታሪክ ነው፤ አምፕ ላይ አምፕ።

ስለ ዋት ደግሞ ማንም እንዳያታልላችሁ። በ4 ኦም 200 ዋት የተባለ ክላስ ዲ፣ 8 ኦም ካቢኔት ላይ ወደ 100፣ 16 ኦም ላይ ወደ 50 ይወርዳል። አይደንግጣችሁ። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው፤ በአንድ ስፒከር ከከበሮ ጋር ሲታገል ኖሯል። ይልቅ የሚያስፈራው ግሪንባክ 25 ዋት ብቻ መቻሉ ነው። መዳፍ በምታክል ፓወር አምፕ የወረቀት ጽዋ መቅደድ ቀላል ሆኗል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ የማያስተውሉት ግን የጆሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር አለ፦ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ቤዙንና ትሬብሉን አሳንሶ ይሰማል፤ ጎልቶ የሚቀርለት መሐሉ ነው። ሌሊት ጎረቤት እንዳይነቃ ድምፁን ቀንሶ፣ ቤዙን አብዝቶ፣ ትሬብሉን አብርቶ «አገኘሁት!» ያለ ሰው፣ መድረክ ላይ ሲከፍተው ቤዙ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጣላል፣ ትሬብሉ ጥርስ ያማል፤ መሐሉ ባዶ ስለሆነ ደግሞ ጊታሩ ባንዱ ውስጥ ይሰምጣል። ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት እንደ 7 ቢስ ባለ ሰፈር ሁላችንም የምንሠራው ይህን ስሕተት ነው። የመድረክ ድምፅ በመድረክ ከፍታ ነው የሚሠራው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይን ይታያል ማለት ይቻላል። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ላይኛውን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። የ3000 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረቀቱ 30 ነው፤ ስለዚህ አይበተንም። ካቢኔቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ጊታሪስቱ አጠገቡ ሲቆም ብርሃኑ በጉልበቱ ያልፋል። «ደበዘዘብኝ» ብሎ ትሬብሉን ይጨምራል፤ ከፊቱ አምስት ሜትር ላይ የተቀመጠው እንግዳ ይወጋል። ያን ሐሙስ ካቢኔቱን በሁለት ጡብ ከፊት አንስተን ወደ ላይ አጋደልነው። ጊታሪስቱ ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማና ትሬብሉን በራሱ እጅ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ ለየትኛው ሙዚቃ ነው? መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ከትተው የሚልኩት ድምፅ ለሮክና ለሜታል ያደላል፤ ለእኛ ቅኝት አይበጅም። አንቺ ሆዬ ላይ ሁለት ቦታ ግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ድምፆች አሉ። ዲስቶርሽኑ ከበዛ፣ አንዱ ክር ሳይሞት ሌላው ሲመታ፣ ሁለቱ ተጋጭተው ያጉረመርማሉ። ትዝታ ሜጀር በመጠኑ ይታገሣል፤ አንቺ ሆዬና አምባሰል አይታገሡም። ክራር ደርዳሪ እጅ ያላቸው ጊታሪስቶቻችን ንጹሕ ወይም ለመሰንጠቅ አፋፍ ላይ ያለ ድምፅ የሚመርጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቀስ ሲሉት የሚጠራ፣ ሲመቱት የሚቆጣ። ቀደምቶቹ ሞዴለሮች ጨርሶ ያልቻሉት ይህን አፋፍ ነበር። አሁን ችለውታል፤ ግን እጅና ወረቀት ካልተናበቡ አፋፉ አይሰማም።

ማህሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» የሚያውቅ ይህን ጊታር ያውቀዋል። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም፣ ቤዙ ላይ ጆቫኒ ሪኮ ነበሩ፤ በኋላ ሮሃ ባንድን ያቆሙት እነሱ ናቸው። የዚያን ጊታር ቦታ አስተውሉ፤ ቤዝም ትሬብልም ላይ አይደለም፣ መሐል ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ የሚያውቀው መሐሉን ነው።

ጂቡቲም የራሷ አላት። የብሔራዊ ራዲዮና ቴሌቪዥኑ ባንድ ግሩፕ አር ቴ ዴ በ2020 እ.ኤ.አ. ኦስቲናቶ ሬከርድስ ባሳተመለት «ዘ ዳንሲንግ ዴቪልስ ኦፍ ጂቡቲ» ላይ ከሞቃዲሾ የመጣው አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ፣ ካጃ የሚሉት፣ ጊታሩን ሬጌ በሚመስለው የሶማሊ ምት ላይ ሲቆርጥ ይሰማል። አጭር፣ ደረቅ ምት ነው፤ ከምቱ ቀጥሎ ዝምታ አለ። ሁለት ወንፊት ላይ ብታሳልፉት ዝምታው ይሞላና ጭፈራው ይሞታል። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፦ ያን አልበም በሞንታርቦ ክፈቱ፣ አጠገቡ ሳጥናችሁን በካቢኔት ክፈቱ፣ ምቱ እኩል ደረቅ እስኪሆን አስተካክሉ።

የከተማዋን ጠባይ ሳልነካ አላልፍም። በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በስፒከሩ ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅል በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው በዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ማታውን ሙሉ ሲነዳ 100 ዲግሪ ቢጨምር ካቢኔቱ እየደከመ ሲሄድ ይሰማል። በሌሊቱ መጨረሻ ጊታሩ ለምን አነሰ ብሎ ቮልዩም የሚጨምር ሰው ጥቅሉን እያቃጠለ ነው። ክላስ ዲዋ ደግሞ በሙቀት ራሷን ታጠፋለች፤ አየር እንዲያገኛት ቆማ ትቀመጥ። የባሕሩ ጨው ጃኮችን ይበላል፤ ሞዴለሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት የኬብሉን ጃክ ጥረጉ።

መብራቱስ? ጂቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች፤ 7 ቢስ ላይ ስንጮህ በሀገር ቤት ወንዞች ነው የምንጮኸው ብለን እንቀልዳለን። መብራት አንዴ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ግን ቀልድ የለም። የሞቀ ቫልቭ አምፕ ወዲያው ይቀጥላል፤ ሞዴለር ግን ኮምፒውተር ስለሆነ እንደገና ይነሳል። እኔው ጊታር በያዝኩበት አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሳጥኔ ስክሪኑ ላይ የፋብሪካውን ምልክት እያሳየች ስትቆም እኔ ባዶ ክር እየመታሁ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ለኮምፒውተር የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ መሰኪያም እዚህ ካለው የፈረንሳይ ሶኬት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ በሶኬቱ ውስጥ የቆመው የመሬት ሽቦ ጥርስ ይከለክለዋል። ሁለት እግር ባለው አዳፕተር የሚያልፍ ሰው መሬቱን ያጣል፤ ያኔ 50 ኸርዝ ጉርምርምታ፣ ማይክ ሲነካም ንዝረት ይመጣል። ጉርምርምታው የጊታሩ ድምፅ ጉዳይ ነው፤ ንዝረቱ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ካቢኔት ሳይሸከሙ አይ አሩን አብርቶ በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት ለትልቅ መድረክ ይበቃል፤ ተመልካቹ የሚሰማው በማይክ የተቀዳ ካቢኔት ነው፣ ድሮም የሚሰማው ያንኑ ነበር። የሚጎዳው ጊታሪስቱ ነው፤ ከኋላው አየር የሚገፋ ነገር ስለሌለ እጁ ይፈራል። ኤፍ አር ኤፍ አር የሚባሉት ለሞዴለር ተብለው የሚሸጡ ጠፍጣፋ ስፒከሮች መካከለኛ መንገድ ናቸው፤ ሐቀኛ ናቸው፣ ግን የሚሰጧችሁ የአምፕ ፎቶግራፍ ነው። ለሰርግ ቤት፣ ለትንሽ ክበብ፣ ለልምምድ ክፍል እኔ የምፈርደው ለአንድ ባለ 12 ኢንች ካቢኔትና ለአንዲት ክላስ ዲ ነው። ሳጥኑ ርካሹ ይሁን። ገንዘብ ካነሰ ሳጥኑ ላይ ቀንሱ፣ ወረቀቱ ላይ አትቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው፤ ውድ ሳጥን ገዝቶ ከተሰነጠቀ ስፒከር ጋር ያጋባዋል።

ዓርብ ማታ ጊታሪስታችን ያንኑ ሳጥን፣ ያንኑ ካቢኔት ይዞ መጣ። የለወጠው ሦስት ነገር ነው፦ አስመሳዩን ካቢኔት አጥፍቶ፣ ቤዙን ቀንሶ፣ ካቢኔቱን ጡብ ላይ አጋድሎ። ኪቦርዲስቱ ምንም አላለውም፤ ከእሱ ምንም አለመባል ትልቅ ነገር ነው።

ለሰርግ ደጋሾችና ለሳውንድ ማኖች አንድ ልመና አለኝ። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ለጊታሪስቱ አሥር ደቂቃ ስጡት። ድምፁን በምሽቱ ከፍታ ከፍቶ፣ ከካቢኔቱ ፊት አምስት ሜትር ርቆ፣ እንግዳው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማው።